የጀልባው በረንዳ

ጅማ ውስጥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የማይሠራ ነገር የለም። ፍራሹ ተነጥፎ፣ ጫቱና ኦቾሎኒው ቀርቦ፣ ሁሉም ክንዱን ለትራስ ከሰጠ ወዲህ መንገድ ይጠረጋል፣ ፋብሪካ ይተከላል፣ ጅማ አባ ጅፋር የ2010ሩን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ደግሞ ያነሳል። ማታ በማብረጃው መጠጥ፣ በጨብሲው ላይ ሁሉም ይፈርሳል። ዕዳ ያለበት ሰው የለም።

የሰሞኑ ሥራ ግን ባለቤት አለው። ከጅማው ሄርማታ ሰፈር ወጥቶ ፍሎሪዳ የከተመ ዘመድ 12 ሜትር የሞተር ጀልባ ገዝቷል። ጀልባው ከኋላው፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብላ የተንጠለጠለች፣ ዋናተኛ የሚወጣባትና እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት መድረክ አለችው። 60 ሳንቲ ሜትር ነው የምትወጣው። “አነሰችኝ፣ ላሰፋት ነው” ብሎ ፎቶ ላከ። ምክር አልጠየቀም። ቢሆንም ፎቶው በገባ በሩብ ሰዓት ውስጥ በርጫው ኮሚቴ ሆነ። ከጅማ እስከ ባሕር በመኪና መንገድ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ማንንም አላስጨነቀም። ጉዳዩ የበረንዳ ማስፋት ነው፤ በረንዳ ማስፋት ደግሞ ጅማ የምታውቀው ነው።

እውነት ነው፣ ታውቀዋለች። ሁለት ክፍል ቤት የሠራ ሰው ሦስተኛውን ክፍል ከማሰቡ በፊት በረንዳውን ያሰፋል፤ መንገደኛ የሚያየው እሱን ነዋ። በመጀመሪያ አንድ ሜትር ይወጣል፣ ቀጥሎ የጎርፍ ቦዩን ይሻገራል፣ ከዚያ ይፍረስ ብሎ ምልክት የሚያደርግ፣ ቀይ ቀለም የያዘ ሰው ይመጣል። ጀልባ ላይ ቀይ ቀለም የያዘ ሰው አይመጣም። የሚመጣው የክንድ ሕግ ነው፣ ሸክም ከደጋፊው በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይበዛል የሚለው፤ እሱ ደግሞ ሽማግሌ ቢላክበት አይሰማም።

ምርቃናው ጫፍ ሲደርስ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተብሎ ጸደቀ። “ከነጀበናው፣ ከነረከቦቱ ይበቃል” አሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጡረታ የወጡት የጭነት መኪና ሾፌር። ጥግ ላይ የተቀመጠው የምህንድስና ተማሪ ወረቀት አወጣ። ተማሪ ወረቀት ሲያወጣ ጨዋታ ይበላሻል፤ ስሌቱ ግን ትክክል ነበር።

ስድስት እንግዳ፣ በአማካይ 70 ኪሎ፣ 420 ኪሎ ነው። ስድስቱም ፎቶ ለመነሳት ጫፍ ላይ ይሰለፋሉ፤ መሃል ቆሞ ፎቶ የሚነሳ እንግዳ ገና አልተወለደም። በረንዳው 1 ሜትር ከወጣ፣ ይህ ሁሉ ክብደት የጀልባውን የኋላ ግድግዳ የሚጎትተው በ1 ሜትር ክንድ ነው። ደጋፊው ብረት በላይኛውና በታችኛው ብሎን መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ካለው፣ 420 ለ0.30 ይካፈላል፦ የላይኞቹን ብሎኖች የሚነቅለው ጉልበት 1,400 ኪሎ ሆነ። ደጋፊዎቹ አራት ከሆኑ ለእያንዳንዱ 350 ይደርሰዋል። ብረት ለመቆጠብ ብሎ ያንን 30 ሳንቲ ሜትር 15 ያደረገ ሰው ሸክሙን 2,800 አደረሰው። ሁለት ሜትር የወጣና ባለ15 ሳንቲ ሜትር ደጋፊ የሆነው የምርቃናው በረንዳ 5,600 ኪሎ ይነቅለዋል። ይህም የበረንዳው የራሱ ክብደት ሳይጨመር፣ ሰዎቹም ዝም ብለው ከቆሙ ነው። አንዱ “ሦስት ስል ሁላችሁም ዝለሉ” ካለ ስሌቱ ሌላ ነው።

“ጋሼ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ይበዛል” አለ ልጁ በአክብሮት።

“አንተ ልጅ፣ እንግዳ ይቁም ነው የምትለው?”

ከላይ የሚጫነው አንድ ነገር ነው፤ ከታች የሚመታው ሌላ። ማዕበል ከኋላ ሲመጣ ውሃው ሰፊውን ሉህ ከሥሩ ይገጨዋል። በረንዳው 3.5 ሜትር በ1 ሜትር ከሆነ 3.5 ካሬ ሜትር ድፍን ሉህ ለማዕበል ተዘረጋለት ማለት ነው። ስለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ወለሉን በርብራብ ወይም ሰፋፊ ቀዳዳ እየተዉ የሚሠሩት፦ ውሃው ከሥር ወደ ላይ ይተነፍሳል፣ ከላይ የፈሰሰውም ይወርዳል። ደጋፊው ወደ ታች የሚጫነውን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ የሚገፋውንም እንዲችል ተደርጎ መታሰር አለበት። ጅማ በረንዳ ከሥሩ የሚመታው ነገር ስለማያውቅ ይህ አንቀጽ በኮሚቴው ያለ ውይይት ታለፈ።

ውይይት የበዛው ብየዳ ላይ ነው። በየበርጫው አንድ በያጅ አይጠፋም። የዚህኛውም ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ 40 በ40 አንግል ብረት፣ በአራት ቦታ፣ ጥብቅ አድርጎ መበየድ፣ ከዚያ ጸረ ዝገት መቀባት። ችግሩ ጀልባው ፋይበርግላስ መሆኑ ነው። ፋይበርግላስ ብየዳ አይዝም፣ ይቃጠላል እንጂ። ተራ ብረት ደግሞ ጨው ውሃ ውስጥ ክረምት አያሻግርም። የሚያስፈልገው 316 የሚባለው እስታንለስ ነው፤ ሞሊብዲነም ስላለበት ጨው ይችላል። 304 የሚባለው፣ ለማብሰያ ቤት የሚበቃው፣ እዚያ ቡናማ ዝገት ያወጣል። ደጋፊው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ እስታንለሱ ብሎን በቀጥታ እንዳይነካው በመሃል የፕላስቲክ ሮንዴላ ይገባል፤ ሁለቱ ብረቶች በጨው ውሃ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ዋናው ጥፋት የሚሠራው ግን ቀዳዳ ሲበሳ ነው። የብዙ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ከውጭና ከውስጥ ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ኮምፔንሳቶ ነው። ሰው በመሰርሰሪያ ይበሳል፣ ብሎን ይከታል፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ይቀባል፣ ይመረቃል። ብሎኑ ጭነት በተጫነበት ቁጥር ጥቂት ይነቃነቃል፣ ሲሊኮኑ ይላቀቃል፣ ውሃ ወደ ኮምፔንሳቶው ይገባል። ከውጭ ምንም አይታይም። ግድግዳው በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲደረግ ጠንካራው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ያን ጊዜ የበረንዳው ሥራ ቀርቶ የግድግዳ ሥራ ይጀመራል።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጀልባው ከውሃ ይወጣል። ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎን 16 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል፣ ከዳሩ እንጨቱ ትንሽ ይፋቃል፣ ጉድጓዱ ኢፖክሲ በሚባል፣ ሲደርቅ በሚጠጥር ወፍራም ሙጫ ይሞላል። ሲደርቅ በመሃሉ 10 ሚሊ ሜትር እንደገና ይበሳል። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲ ውስጥ ነው፤ እንጨቱን አይነካም። ማሸጊያው ለባሕር የተሠራ ፖሊዩሬቴን ይሁን፣ ሲሊኮን ለመስኮት ነው። ከውስጥ በኩል ጉልበቱን የሚያሰራጭ ወፍራም ሰሌዳ፣ ከዚያ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዚያ የማይላላ ዳዶ ይታሰራል። ዳዶውን ከሮንዴላ ጋር ብቻ አስሮ የተወ ሰው አንድ ቀን ብሎኑን ከነሮንዴላው ግድግዳውን አልፎ ያገኘዋል።

በያጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ “ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?” አለ። ዋናተኛ ከውሃ ወደ በረንዳው የሚወጣበት መሰላል ተሰጠው።

ወለሉን በተመለከተ ጅማ ያለ ጥርጥር ዋንዛ አለች። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግሩ የሚቆም በርጩማ ያላት ከተማ ሌላ እንጨት ብትል ነውር ነው። ጀልባ ላይ የተለመደው ግን ቲክ የሚባለው እንጨት ነው፤ በተፈጥሮው ዘይት ስላለው ውሃን ይችላል፣ ሲረጥብም ብዙ አያንሸራትትም። እሱም ቢሆን በሽቦ ብሩሽ ከተፈገፈገ እየሳሳ ይሄዳል። ለዋንዛው ክብር ሲባል አንድ በርጩማ በሻንጣ እንዲላክለት ተወሰነ፤ እንግዳ ሲበዛ ባለቤቱ ይቀመጥበታል።

ከሁሉም የጠቀመ ጥያቄ የመጣው ቡና ከሚያፈሉት እትዬ ነው። “የሞተሩ ጭስ በየት ነው የሚወጣው?” አሉ።

ኮሚቴው ዝም አለ። ጭሱ በብዙ ጀልባ የሚወጣው ከኋላ ግድግዳው ነው፤ በረንዳው ሲረዝም ማርሚታው ከሥሩ ይቀራል። ከዚያ ጋዙ ከወለሉ ሥር ይታመቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፤ በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ፓወል ሐይቅ ላይ ሁለት ወንድማማች ልጆች የሞቱት ከቤት ጀልባ ኋላ፣ ከመዋኛ መድረኩ ሥር በተጠራቀመ የጄኔሬተር ጭስ ነው። ስለዚህ ማስፋት የፈለገ መጀመሪያ የጭስ ቱቦውን ከበረንዳው ጫፍ አሳልፎ ያራዝም ወይም ወደ ጎን ያዙር። ሰው በረንዳው ላይ ወይም ውሃው ውስጥ ሳለ ሞተርም ጄኔሬተርም ይጥፋ፤ ፕሮፔለሩም እዚያው ሥር ነው ያለው። የከሰል ምድጃ ጉዳይም በዚሁ ተዘጋ፦ የነዳጅ ታንክ ካለበት አጠገብ ፍም አይቀመጥም፣ ቡናው ውስጥ ተፈልቶ ይወጣል። እትዬ “ወትሮስ ጀበና ከሚወዛወዝ ነገር ላይ ይጣዳል?” ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ክብደቱን በወረቀት ላልተማመነ ሰው ሌላ ፈተና አለ፣ ጅማም ከተማሪው በተሻለ የምታውቀው ነው፦ ጀሪካን። ባለ20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን በውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ 21 ጀሪካን ስድስቱን እንግዶች ይተካል። አዲሱ በረንዳ ራሱ 120 ኪሎ ከሆነ ስድስት ይጨመራል። ምንም ሳይበሳ፣ 27ቱ ጀሪካኖች እየተቆጠሩ የጀልባው የኋላ ጫፍ ላይ ይደረደራሉ፤ ከዚያ የውሃው መስመር ምን ያህል እንደወጣ ይታያል። የጭስ ማውጫው ሰመጠ? የወለል ውሃ መውረጃው ከውሃ በታች ሆነ? አፍንጫው ሽቅብ አለ? እንግዲያው የሚሰፋው በረንዳ ሳይሆን የሚቀነሰው እንግዳ ነው። መድረኩ የሚረዝም ከሆነ ጀልባው ሲነሳ አፍንጫውን ቶሎ አያወርድም፤ ነዳጅም ይበላል።

“ለምን እዚህ አያመጣውም?” ያለ አልጠፋም። ጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ጉማሬ አለበት፤ ከውሃ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ በረንዳ ለጉማሬ ደረጃ ነው። ግልገል ጊቤ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ሐይቅ። እሱ ግን ከባሕር ወለል 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየር የሚያጨምቅለት ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ባለ100 ፈረስ ጉልበቱ እዚያ 83 ይሆናል። በባሕር ያልተነሳ ጀልባ በጊቤ አይነሳም። ጋሼ ይህን የሾፌር ነገር ስለሆነ ወዲያው አመኑ፤ ጭነት ይዞ ሽቅብ የወጣ ያውቀዋል።

መሰላሉ ላይ በያጁ ጥሩ ሠርቷል። የመጨረሻው ደረጃ ከውሃው ወለል 56 ሳንቲ ሜትር ካልወረደ የደከመ ሰው ጉልበቱን አጥፎ መርገጫ አያገኝም። መሰላሉ ተጣጥፎ ከታሰረም፣ ውሃ ውስጥ ያለው ሰው ብቻውን ስቦ ሊያወርደው መቻል አለበት፤ ላዩ ላይ ያለው እንግዳ ፎቶ እየተነሳ ይሆናላ።

በማግስቱ ለዘመድየው ሁሉም ተጠቃሎ ተላከ። 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጨመር፣ አጠቃላይ 1 ሜትር፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ጣት እንዳይሆን። መልሱ አጭር ነበር፦ ወደቡ ኪራይ የሚያስከፍለው በጀልባው ርዝመት ነው፣ በረንዳውም ይቆጠራል። ይህን ጅማ መዋጥ አልቻለችም። ቦይ የሚሻገር በረንዳ ነጻ ሆኖ የኖረበት ከተማ፣ ውሃ ላይ ለተንጠለጠለ 40 ሳንቲ ሜትር በየወሩ ይከፈላል ሲባል የሰማው እንደ ዘረፋ ነው። ጋሼ “ሲቆም ይዘርጋው፣ የሚለካ ሰው ሲመጣ ይጠፈው” የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የሚታጠፍ በረንዳ በእርግጥ አለ፤ ማጠፊያው ግን ሌላ ስድስት መገጣጠሚያ፣ ሌላ ሃያ አራት ብሎን፣ ሌላ ኢፖክሲ ነው።

ይህም ሳይወሰን አዲስ ፎቶ ገብቷል። አሁን የፈለገው ከበረንዳው በላይ የጸሐይ መከለያ ነው። በያጁ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ በቂ ነው ይላል፣ ተማሪው ነፋሱን እያሰላ ነው፣ ጋሼ ደግሞ ቆርቆሮ ለምን አይሆንም እያሉ ነው።