በየወሩ ስንብት፣ በየወሩ ስቲከር

ወገን፣ ዛሬም ሌላ የሆት ሃች ስንብት መጣልን፤ "የመጨረሻዋ" የተባለች ስፔሻል ኤዲሽን። ቪዲዮውን ከፈትኩት፤ ያው ነው። ጨለማ ስቱዲዮ፣ ጭስ፣ ቀስ እያለች የምትዞር ትንሽ መኪና። ካሜራው ወደ ውስጥ ይዘልቅና ወንበሩ ላይ ያለውን ቀይ ስፌት ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ ካምቢዮው አጠገብ የተለጠፈች አውራ ጣት የምታክል ብረት ላይ ይቆማል። ቁጥር ተቀርጾባታል። ሙዚቃው ይጮሃል፣ አርማው ይመጣል፣ አለቀ። ስለ ሞተሩ አንድ ቃል የለም፤ ሞተሩ ካቻምናም የነበረው ነዋ። ስለ ሞላውም የለም። ምንም ካልነኩት ምን ይበሉ?

ነገሩ ለማይገባችሁ፦ ሆት ሃች ማለት ቤተሰብ የሚያመላልስ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ መኪና ወስደው፣ ጉልበተኛ ሞተር አስገብተው፣ ሞላዋን አጠንክረው፣ ዋጋዋን ግን ደመወዝተኛ ሊደርስበት ከሚችለው ብዙም ሳያርቁ የሚሸጧት ናት። ጠዋት ልጆች ታደርሳለች፣ ማታ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስሙ የገነነውን ሁሉ ታስጨንቃለች። ጣዕሟ እዚህ ላይ ነው። ስፔሻል ኤዲሽን ደግሞ በጥቂቱ የምትሠራ፣ መሐንዲሶቹ "እስቲ ትንሽ እንበድ" ያሉባት ናት። ነበረች ማለቴ ነው።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።)

የመጀመሪያዋን ጎልፍ ጂቲአይ ተመልከቱ። 1976 ላይ ለሽያጭ ስትቀርብ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 110 ፈረስ፣ ክብደቷ 810 ኪሎ ገደማ ነበር። የቮልስዋገን ሐሳብ 5,000 ሠርቶ ማቆም ነበር። በዛሬ አነጋገር እሷ ራሷ ሊሚትድ ኤዲሽን፣ ቁጥሯ የተወሰነ ነበረች! ግን ሰው ወደዳት፣ ፋብሪካውም በሩን ከፈተ፣ ከመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ460,000 በላይ ተሠራ። ዛሬ ቢሆን 5,000ዎቹ ከመታወጃቸው በፊት ተይዘው፣ ግማሾቹ ሳምንት ሳይሞላ በእጥፍ ዋጋ ለሽያጭ ወጥተው እናገኛቸው ነበር።

የሬኖ ክሊዮ ዊሊያምስም እንዲሁ። 1993፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ወርቃማ ቸርኬ፣ 2 ሊትር ሞተር። ስሟን የወሰደችው ሬኖ ያኔ ሞተር ያቀርብለት ከነበረው የፎርሙላ ዋን ቡድን ነው፤ መኪናዋን በመሥራቱ ግን ቡድኑ እጁ የለበትም። የተሠራችው ለራሊ ውድድር ደንቡ የሚጠይቀውን ቁጥር ለማሟላት ስለነበር መጀመሪያ 3,800 ይበቃል ተባለ። ገበያው ሲደራ ግን ሬኖ ሁለተኛ ዙር፣ ከዚያም ሦስተኛ ዙር ጨመረና ከ12,000 አለፈ። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ክሩስኮታቸው ላይ ያለችውን ባለ ቁጥር ብረት እያሳዩ "ተታለልን" ብለው ጮኹ። ይቅርታ ይደረግልኝና እኔ ከሬኖ ጋር ነኝ። መኪናዋ አንድ ግራም አልጨመረችባችሁ፣ አንድ ፈረስ አልቀነሰችባችሁ! የጎደለባችሁ ጎረቤት የሌለው ነገር አለኝ ማለት ብቻ ነው። ፋብሪካዎቹ ከዚያ ጩኸት የወሰዱት ትምህርት ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ መኪናውን ትተው ብረቷን መሸጥ ያዙ።

ወዲያው አልሆነም እንጂ። መሃል ላይ ደጋግ ዓመታት ነበሩ። 2008 ላይ የሬኖ ሜጋን አር26.አር የምትባል ወጣች፤ እኔን እስከ ዛሬ የምታሳብደኝ እሷ ናት። 230 የፈረስ ጉልበት፣ ከመነሻዋ ከአር26 አንድ ፈረስ አልበለጠችም። የሠሩት መቀነስ ብቻ ነው። የኋላ ወንበር ወጣ፣ የኋላ መስኮቶች ከመስታወት ወደ ፕላስቲክ ተለወጡ፣ ኮፈኑ ካርቦን ሆነ፣ የኋላ መስታወት መጥረጊያው እንኳ ተነቀለ። በድምሩ 123 ኪሎ። ከዚያ ጀርመን ያለው የውድድር መንገድ፣ ኑርበርግሪንግ ወስደው በ8 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ዞሩ፤ ለፊት ጎማ ነጂ መኪና ያኔ ክብረ ወሰን ነበር። 450 ብቻ ተሠራች፤ ግን እንዲህ ያለ እብደት ከዚያ በላይ ገዢ ስለማያገኝ እንጂ ማንም ብርቅ ለማድረግ ብሎ አይመስለኝም።

2016 ላይ ቮልስዋገንም ጎልፍ ክለብስፖርት ኤስን 400 ብቻ ሠራ፤ 310 ፈረስ፣ ኋላ ወንበር የላትም፣ ካምቢዮዋ ማንዋል ብቻ። ለዚያው ለኑርበርግሪንግ ወጣ ገባ አስፋልት ታስቦ የተቃኘ የሞላ ማስተካከያም ነበራት። ኢንጂነር የደከመበት ነገር ማለት ይሄ ነው።

አሁን የሚያንገበግበኝ ላይ ደረስኩ። 2019 ላይ ሬኖ ሜጋን ትሮፊ-አርን አወጣ። 130 ኪሎ ቀነሱ፤ የራሳቸውን መመኪያ፣ አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን መሪ ሳይቀር ነቅለው ጣሉት። ሎራን ዩርጎን የሚባለው የሙከራ ሾፌራቸው የኑርበርግሪንግን 20.6 ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ጨረሰው። ዋጋው ግን አበደ፤ ከነካርቦን ቸርኬው እንግሊዝ ውስጥ 72,140 ፓውንድ ተጠየቀበት። ይሁን፣ ቢያንስ የሚከፈልበት ሥራ አለ። አራት ዓመት ቆየና፣ የሬኖ ስፖርት፣ የኩባንያው የስፖርት መኪና ክፍል፣ ስም ሲያከትም፣ ሜጋን ኡልቲም መጣች። 300 ፈረስ፣ እንደ ትሮፊዋ። ገላዋ ላይ ጥቁር ስቲከር። ውስጧ ደግሞ ባለ ቁጥር ብረት፣ የማን ፊርማ ያለበት? የዩርጎን! ያንን ሰው፣ መኪና ከነአንጀቷ የሚያውቀውን ሰው፣ ፈራሚ አደረጉት። አንጀቴ አረረ ስላችሁ።

ስንት ተሠራች? 1,976። ለምን? ሬኖ ስፖርት የተመሠረተው በ1976 ስለሆነ። አልፒን ኤ290 ፕሪሚየር ኤዲሽን ስንት ናት? 1,955፤ አልፒን በ1955 ስለተመሠረተ። አባርት 600ኢ ስኮርፒዮኒሲማ? 1,949፤ መቼም ገምታችኋል። ሬኖ 5 ቱርቦ 3ኢ? 1,980፤ አያቷ በ1980 ስለወጣች። ድሮ ቁጥሩን የሚወስነው የውድድር ደንብ ነበር፣ ወይም የገዢ ብዛት። አሁን ካሌንደር ነው። ድርጅቱ 1830 ላይ ተመሥርቶ ቢሆን ኖሮ መቶ ምናምን ሰው ወረፋ ሊቀርበት ነበር በዚህ ሒሳብ። ምን ይሉት ፈሊጥ ነው?

ወረፋ ካልኩ አይቀር፣ አንዴ አንዷን ለማዘዝ ሞክሬ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። በታወጀችበት ዕለት ደወልኩ። ሻጩ ደግሞ ትሕትናው!

"ጌታዬ፣ ዝርዝሩ ሞልቷል።"

"ዛሬ አይደል እንዴ የታወጀችው?"

"ልክ ነዎት፤ ለነባር ደንበኞቻችን አስቀድመን አሳውቀን ነው።"

"ነባር ደንበኛ የሚባለው ማነው?"

"ከዚህ በፊት ስፔሻል ኤዲሽን የገዛ ነው፣ ጌታዬ።"

በቃ። ለመግዛት አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል። ቶዮታ በ2022 ጂአርኤምኤን ያሪስን ለጃፓን 500 ብቻ ሠርቶ በዕጣ ሲያድል ብዙ ሰው ተንጫጭቶ ነበር። እኔ አሁን ሳስበው ዕጣ ፍትሕ ነው! ያቺ መኪና ደግሞ ዕጣ ቢጣልባትም ታምራለች፤ ገላዋ እንዲጠነክር ከ500 በላይ ተጨማሪ ቦታ ላይ በይደዋታል። ብየዳ አይታይም፣ ፎቶም አያምርበት፣ ግን ኩርባ ላይ ታውቁታላችሁ።

"ሕጉ ነው እንዲህ ያደረጋቸው" የምትሉ አላችሁ፤ ግማሽ እውነት አላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት አንድ አምራች በዓመት የሚሸጣቸውን አዳዲስ መኪኖች ጭስ በአማካይ ያሰላል። ከ2025 ጀምሮ ያለው ዒላማ በኪሎ ሜትር 93.6 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ለየአምራቹ ትንሽ ይለያያል። ካለፈ ለእያንዳንዷ ትርፍ ግራም፣ በእያንዳንዷ መኪና 95 ዩሮ ቅጣት። ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር የምታወጣው 186 ግራም ነው። አስሉት፤ ዒላማውን ላለፈ አምራች እንዲህ ያለች አንዲት መኪና ብቻዋን ወደ 8,800 ዩሮ ዕዳ ትጎትታለች። በዚህ መሃል ፎርድ ፊየስታን በ2023 ዘጋ፣ ፎከስን በ2025 አስከተለ። ሃዩንዳይ አይ20 ኤንን እና አይ30 ኤንን ከአውሮፓ አወጣ። ሆንዳ ደግሞ ለመላው አውሮፓ 40 ታይፕ አር "ኡልቲሜት ኤዲሽን" ብሎ ተሰናበተ። አርባ! ለአንድ አህጉር! ቶዮታ ጂአር ያሪስን እስካሁን የሚሸጠው ሃይብሪዱ በገፍ ስለሚሸጥለትና አማካዩን ስለሚያወርድለት ነው።

ይሄ ሁሉ ይገባኛል። ግን ሕጉ ጥቂት ሥሩ ይል ይሆናል እንጂ ስቲከር ለጥፉ አይልም። ጥቂት ከሆነች፣ የመጨረሻዋም ከሆነች፣ ለዚያች ለመጨረሻዋ ነበር ኢንጂነሩን መልቀቅ የነበረባችሁ! እናንተ ግን በቁሟ ተዝካሯን አውጥታችሁ፣ የተዝካሩን ሒሳብ ለገዢው ላካችሁለት።

ሚኒን ለብቻ አነሳዋለሁ፤ 2020 ላይ ጂፒ የምትባለዋን 306 ፈረስ ሰጥቶ፣ 3,000 ሠርቶ፣ አውቶማቲክ ብቻ አደረጋት። ፍሪሲዮን ለሚወድ ሰው የተሠራችዋ መኪና ፍሪሲዮን የላትም። ከዚያ በ2023 "1ቱ6" ብሎ 999 መኪና በማንዋል አወጣ፤ እንደ ብርቅ። ማንዋል ካምቢዮ እኮ ነው! ትናንት ርካሹ ሞዴል ላይ የነበረ ነገር። ጎልፍ ጂቲአይም ከ2024 ወዲህ ማንዋል የለውም፤ ያቺ የጎልፍ ኳስ የምትመስለው ማርሽ መያዣ ቀርታ በቦታዋ ጥፍር የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ ተቀመጠች። ለሃምሳኛ ዓመቱ የመጣው ኤዲሽን 50፣ ልናገር ከተባለ፣ የምር ተሠርቶበታል፤ 325 ፈረስ፣ ኑርበርግሪንግ 7 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ። ግራ እግሬ ግን ሥራ ፈት።

ኤሌክትሪኩስ? እኔ ኤሌክትሪክ ጠል አይደለሁም፤ እንዳትጀምሩኝ። ሃዩንዳይ አይዮኒክ 5 ኤን ስምንት ማርሽ ያላት አስመስላ ትንገጫገጫለች፣ ድምፅ ትፈጥራለች፣ ማስመሰል መሆኑን እያወቅሁ ፈገግ አሰኝታኛለች። ግን ወደ 2.2 ቶን ናት፤ ይቺን ሆት ሃች ካልን አውቶቡስም ሆት ሃች ነው። ኤ290 ትሻላለች፤ 220 ፈረስ፣ 1,479 ኪሎ፣ ለባትሪ መኪና ቀላል። ፔዦም ኢ-208 ጂቲአይን በ280 ፈረስ ይዞ መጥቷል። መንገዱ ክፉ አይደለም። ኪሎው ቀጥታ መንገድ ላይ አይሰማም፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ያፈተልካል። ኩርባ ሲመጣ ነው ፍሬኑም ጎማውም ሒሳብ የሚጠየቁት። እና ለእነዚህ መኪኖች ስፔሻል ኤዲሽን ብለው ምን ያወጣሉ? ሌላ ቀለም! አባርት ለኤሌክትሪኳ 500ኢ የውጭ ድምፅ ማጉያ ሲሠራ ከ6,000 ሰዓት በላይ ፈጀብኝ ብሏል። ስድስት ሺህ ሰዓት ሚዛኗ ላይ ቢውል ኖሮ!

ሌላው ጫፍ ደግሞ ሬኖ 5 ቱርቦ 3ኢ ናት። 540 ፈረስ፣ ካርቦን ገላ፣ ሞተሮቿ በኋላ ጎማዎቿ ውስጥ። ትግላለች፣ አልዋሽም። ዋጋዋ 155,000 ዩሮ። ደመወዝተኛው እዚህ ውስጥ የት አለ?

በጣም የምፈራው ግን ሌላ ነው። 2025 ላይ እንግሊዝ ውስጥ ቮልስዋገን አይዲ.3 የገዛ ሰው 201 ፈረስ ይነዳል፤ መኪናው 228 ማውጣት ይችላል፤ ልዩነቱን ለመክፈት በወር 16 ፓውንድ ከ50። ሞተሩ ያው፣ ባትሪው ያው፣ ቁልፉ ሶፍትዌር። ነገ ስፔሻል ኤዲሽን ማለት የይለፍ ቃል ሊሆን ነው። ያን ጊዜ ያቺን ብረትም እናፍቃት ይሆናል።

ለባትሪ መኪናዋ ስፔሻል ኤዲሽን የምፈልገው ግልጽ ነው። ትንሽ ባትሪ፤ ርቀቱ ይቅርብኝ። የኋላ ወንበር አውጡ፣ ትልቁን ስክሪን ንቀሉ፣ ወንበር የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ሁሉ ጣሉ። ጥሩ አሞርዛቶር፣ ጥሩ ፍሬን፣ የሚያወራ መሪ። አር26.አር ላይ የሠሩትን በባትሪዋ ላይ ድገሙት፤ መቶ ኪሎ ከኤ290 ላይ አውርዱና አንድ ፈረስም አትጨምሩ። ሲወደድም ከዚያው ከፋብሪካው ቀጥሉ፣ እንደ ዊሊያምስ ሁለተኛም ሦስተኛም ዙር አውጡ፤ የሚያለቅስ ያልቅስ።

"ዝም ብለህ ያገለገለ አትገዛም?" የምትሉኝ ደግሞ አትጠፉም። ሞክሬያለሁ እኮ! ትናንት ማታ አንድ ማስታወቂያ አየሁ፤ የዓመታት ዕድሜ ያላት ስፔሻል ኤዲሽን፣ ወንበሯ ላይ የፋብሪካው ፕላስቲክ አልተገፈፈም፣ ጎማዎቿ ከፋብሪካ የመጡት ናቸው። ሻጩ በትልቁ "ተነድታ አታውቅም" ብሎ ጽፏል፣ በኩራት። "ለምን?" ብዬ ጻፍኩለት። ማየቱን አይቶታል። ዛሬ ጠዋት ዋጋውን ጨምሮበታል።