ልጅቷስ ተገኘች?

ቁማር የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም። ጓደኞቼ ካርታ መበወዝ ሲጀምሩ ሰዓቴን አይቼ የምነሣ፣ ታናናሾቼን «ገንዘብ በላብ እንጂ በካርታ አይገኝም» እያልኩ የማሰለች፣ ከሩቅ ሲያዩት የሚያስከብር፣ አብረውት ሲውሉ ግን የሚያደክም ዓይነት ሰው ነኝ። ይህ ሰው ባለፈው ቅዳሜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሌለ መጠጥ ቤት፣ በሌለ ነጋዴ፣ የሌለ ገንዘቡን ተበልቶ፣ «አንዴ ብቻ፣ አስመልሼ እተኛለሁ» እያለ ከቴሌቪዥን ጋር ሲከራከር ተገኝቷል።

አጀማመሩ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን «ዘ ዊቸር 3» የተባለ ጌም የገዛሁት ታሪኩ ልብ ይነካል ስለተባልኩ ነው፤ በእርግጥም ይነካል። ጌራልት የተባለ ጭራቅ አዳኝ እንደ ልጁ ያሳደጋትን ሲሪን ይፈልጋል፤ እሷን ደግሞ አጽም የመሰለ ትጥቅ የለበሱ ፈረሰኞች ያሳድዷታል፤ እነሱ ቀድመው ከደረሱባት ለልጅቷም ለዓለሙም አይበጅም። ባለቤቴ ጌም የሚባል ነገር አትወድም። ይሁን እንጂ ነገሩ የጠፋች ልጅ ነገር ስለሆነ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «በዚያ በኩል ሂድ፤ እነዚያን ሰዎች ጠይቃቸው እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል?» እያለች የመጀመሪያዎቹን ምሽቶች አብራኝ ፈለገች።

ችግሩ የመጣው ገና ከመጀመሪያው መንደር፣ መጠጥ ቤት ተቀምጦ ከነበረ አንድ ምሁር ነው። ግዌንት የተባለውን የካርታ ጨዋታ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሰውን የሚያጠፋው ሁልጊዜ የተማረ ሰው ነው። ሁለት ተጫዋቾች ዐሥር ዐሥር ካርታ ይይዛሉ፤ ካልወደዱት ሁለቱን ብቻ መለወጥ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ በዚያችው ሦስት ዙር መጫወት ነው፤ ሁለቱን ያሸነፈ ይበላል። አዲስ ካርታ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ብልሃቱ መቼ እንደሚጣል ማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ አንዱን ዙር ወዶ መሸነፍና ባላንጣን በከንቱ ማስጨረስ ነው። ሰላይ የሚባል ካርታ አለ፦ ባላንጣህ ሰፈር ትጥለዋለህ፣ ጉልበቱንም ለእሱ ትጨምርለታለህ፣ በምላሹ ግን አንተ ሁለት ካርታ ትስባለህ፤ ልክ ጎረቤት ዘንድ ስጦታ ይዞ ሄዶ ሁለት ወሬ ይዞ እንደሚመለስ ሰው። ውርጭ የሚባል ደግሞ አለ፦ ከወረደ ከፊት የተሰለፈው ሰይፈኛ ሁሉ፣ ዐሥር ጉልበት የነበረውም አራት የነበረውም፣ እኩል አንድ አንድ ይሆናል። ጀግና የተባሉት ካርታዎች ብቻ አይነካቸውም። እዚያም ቢሆን ወገን ያለው አይበርደውም ማለት ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ የዚያን ዓለም ሰው ሁሉ በአዲስ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አንጥረኛው ይጫወታል፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ይጫወታል፣ ጦርነት ያደኸየው ቸርቻሪ ይጫወታል። ባሮን የሚባል ሹም ጋ ስደርስ ግን እኔም ትንሽ አፍሬያለሁ። ሰውየው ሚስቱና ሴት ልጁ ጠፍተውበታል፤ የእኔም ልጅ ጠፍታለች፤ እሱም ስለ እሷ የሚያውቀው አለ። ሁለት ልጅ የጠፋባቸው አባቶች ፊት ለፊት ተቀምጠን ምን አደረግን? ካርታ ተጫወትን። እሱ አልተሳቀቀም። እኔም እሱ ካልተሳቀቀ ብዬ ተጽናናሁ።

መያዣው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አንድ የወደቀ ሽፍታ የጣለውን ሰይፍ ሸጬ የማገኘው ገንዘብ ከነጋዴው ጋር ከምወራረደው ይበልጣል። ደግሞም ልበላ አልችልም፤ ምክንያቱም ከመቀመጤ በፊት ሴቭ አደርጋለሁ፤ ከተበላሁ እሱን ከፍቼ ወደ ነበርኩበት እመለሳለሁ፤ ነጋዴው እንዳሸነፈኝ የሚያስታውስ በዓለም ላይ እኔ ብቻ እሆናለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ኮምፒዩተሩ አልሳቀብኝም፣ አልፎከረብኝም፣ ስሜንም አያውቅም፤ እኔ ግን በዚያ የማይንቀሳቀስ ፊቱ ላይ ፈገግታ አይቻለሁ፣ አሁንም እምላለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ይህን ሲሰማ፣ «ጋሼ፣ ይህን ያሰብከው አንተ ብቻ ይመስልሃል?» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው «ፎልአውት ኒው ቬጋስ» የተባለ ጌም ውስጥ፣ ሴቭ ከፍቶ የተመለሰ ሰው ቁማር ጠረጴዛው ላይ ወዲያው አይቀመጥም፤ አንድ ደቂቃ ያህል ያስጠብቁታል። ደግሞ አብዝቶ ከበላ፣ ከቁማር ቤቱ «ይበቃሃል» ተብሎ ይከለከላል። «ይበቃሃል» የሚል ቁማር ቤት ጌም ውስጥ መኖሩ አስገርሞኛል። «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» የተባለ ሌላ ጌም ውስጥ ደግሞ አንድ ፈተና አለ፦ ብላክጃክ ላይ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ካርታ አስጨምሮ ማሸነፍ፣ ይህንንም ሦስት ጊዜ መድገም። 21ን ያለፈ በሚቃጠልበት ጨዋታ ይህ ማለት ጤነኛ ሰው እጁን በሚሰበስብበት ቦታ «ጨምርልኝ» ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ፈተና ለመጨረስ ስንት ሌሊት እንዳጠፋ ጠይቄው ወሬ ቀየረ።

ግዌንት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2018 ራሱን የቻለ ጌም ሆኖ ወጥቷል። የሚፈለግ ልጅ የለበትም፤ ኅሊናም አያስጨንቅም። ሞከርኩት፤ አልጣፈጠኝም። ካርታ የሚጣፍጠው ሌላ ሥራ እየጠበቀ ሲጫወቱት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ወር አለፈ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት በየማታው ብቅ እያለች «ልጅቷስ ተገኘች?» ትለኝ ነበር፤ እኔም «ይህችን አንዲት ካርታ ልብላውና» እላታለሁ። ቀጥሎ በሁለት ቀን አንዴ ጠየቀች። ከዚያ ተወችው፤ እኔም ሰለቻት ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ሌሊት በሰላይ ላይ ሰላይ ተጭኖብኝ ከተበላሁ በኋላ፣ እንደ ልማዴ ለመመለስ የሴቮቹን ዝርዝር ከፈትኩ። መጠጥ ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ አንጥረኛ፣ መጠጥ ቤት። ከመካከላቸው አንዱ ላይ ዓይኔ ቆመ። ጉም የሸፈነው ደሴት ነው፤ እኔ ረግጬው የማላውቀው ቦታ፤ የተቀመጠበትም ቀን ማክሰኞ፣ እኔ ሥራ የነበርኩበት ሰዓት ነው። ጆይስቲኩን ሁልጊዜ ከማስቀምጥበት በግራ በኩል ማግኘቴ ለምን እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። መብራቱን አላበራሁም።

«ልጅቷስ?» አልኳት።

«ደኅና ናት፤» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።