አስር ከአስር

ባለፈው እሁድ የእህቴን ልጅ ደብተር አየሁ። ሰባተኛ ክፍል ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ግቢያቸው ውስጥ፣ ሽርጥ አገልድሜ በካርቶን እያራገብኩ ነው ያነበብኩት። ርዕሱ «ክረምት» ይላል። «በክረምት ብርዱ ስለሚበረታ ቤተሰቡ ጋቢ ለብሶ እሳት ዳር ይሰበሰባል።» ድሬ! ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለን አልጋ አውጥተን ግቢ የምንተኛው እኛ፣ እሳት ዳር!

ከታች በቀይ፦ 10/10። «በርታ!»

ዘዴው ድንቅ ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስከረም ላይ «ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ አለው» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ከዚያ እስከ ሰኔ የቲቸር ድርሰት ሲገለበጥ ይከርማል። ማሰብ የለ፣ መሰረዝ የለ፣ እንደገና መጻፍ የለ። ደብተሩ ንጹህ ነው።

የኔ ጀግና ግን አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ነው። ቲቸር ድርሰቱን እያነበበች ስታጽፍ አንዲት ድምፅ አላመለጠችውም። «ክረምት ሲገባ ሰማዩ ይጠቁራል አራት ነጥብ» ብሏል። በፊደል። «ገበሬው በሬውን እየነዳ ነጠላ ሰረዝ ሞፈሩን ተሸክሞ ይወጣል።» ቀጥሎ «አዲስ መስመር ጀምሩ» ይላል፤ በአዲስ መስመር። ገበሬው ዘር ሊበትን ሲል «መስኮት ጋ ያላችሁ ዝም በሉ» የሚል ቁጣ ይሰማል። እኔ ወፎቹን ነው ብዬ ነበር። ወረድ ብሎ «ጠመኔዬን ማነው የወሰደው» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ልብ ሰቀላ ነው፤ እስከ መጨረሻው መልስ የለውም። መደምደሚያ፦ «ስለዚህ ክረምት ጠቃሚ ወቅት ነው አራት ነጥብ አለቃ ደብተር ሰብስብ።»

አስር ከአስር። «በርታ!»

ይገባዋል አቦ! ከዚያ ሁሉ ልጅ በጆሮው የሰማውን የጻፈ እሱ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ለካ መጀመሪያ የራሱን ጽፎ ነበር። ገጹ እዚያው ደብተር ውስጥ አለ። አያቱ፣ ማለትም እናቴ፣ የነገረችውን ነው የጻፈው። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ እሷ የጎረቤቷን ስም እየጠራች እንዳነጋች። ግማሽ ገጽ ናት። ላይዋ ላይ በቀይ «ከርዕስ ወጥተሃል» ተብሏል።

ከየትኛው ርዕስ? የዚህ ከተማ ክረምት ሌላ ምንድን ነው? ለብሶት የማያውቀው ጋቢ አስር ያሰጣል፣ አያቱ ያለቀሰችበት ሌሊት ይሰረዛል! የስድሳ ልጅ ደብተር ማረም ወገብ እንደሚቆርጥ አውቃለሁ። እሺ፣ በሳምንት አምስቱን ብቻ አንብቡ። ከታች «አያትህ ከዚያስ ምን አደረገች?» ብላችሁ ጠይቁት። ልጁ እንደገና የሚጽፈው ያንን ለመመለስ ነው።

ይቅርታ፣ ሙቀቱ ነው። ደግሞ ምን አናደደኝ? ከርሞ ስምንተኛ ነው፣ ሚኒስትሪ ደግሞ ምርጫ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ ማጥቆር ብቻ። እህቴማ አስሯን ፎቶ አንስታ ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም በትናለች። እኔም አውራ ጣት ልኬያለሁ።

«የሚቀጥለው ድርሰትህ ስለ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ፤ ቲቸር ገና አልጻፈችውም» አለኝ።