«ዋሽንግተን አስጠነቀቀች» ማለት ማን አስጠነቀቀ?

«ዋሽንግተን አዲስ አበባን አስጠነቀቀች።» ይህን የመሰለ ርዕስ ሳናነብ የምናሳልፈው ጊዜ ጥቂት ነው። እኔ በበኩሌ ሰልችቶኛል። ከተማ አያስጠነቅቅም። የሚያስጠነቅቅ መሥሪያ ቤት አለ፣ ፊርማውን ያኖረ ባለሥልጣን አለ።

ልማዱን የወሰድነው ከእንግሊዝኛው ዜና ነው። እዚያ «ዋሽንግተን» ሲባል ብዙ ጊዜ የፌዴራል መንግሥቱ ማለት ነው። ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ስሙ ስድብ ይሆናል። ለኮንግረስ የሚወዳደረው ሁሉ «ዋሽንግተን ተበላሽታለች፣ ላኩኝና ላስተካክላት» ይላል፣ እዚያው ወንበር ላይ ያረጀው ሳይቀር። የከተማዋ ሰው ግን ስለ ሰፈሩ ሲያወራ «ዲሲ» («ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ» ሲያጥር) ነው የሚለው፣ ወይም «ዲስትሪክቱ»። የእኛም ሰው ዲሲ ነው የሚላት፤ እንዲያውም ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ተከራይቶ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ እየሠራ፣ አገር ቤት ሲደውል «ዲሲ ነኝ» ይላል። ማን ሊቆጣጠረው!

ስሙ ከጥንቱም ግራ የሚያጋባ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1791 ግንባታውን እንዲመሩ የተሾሙት ኮሚሽነሮች ከተማዋን በጊዜው ሥልጣን ላይ በነበረው በጆርጅ ዋሽንግተን ስም ጠሯት፤ ከተማዋ ያለችበትን ግዛት ደግሞ ከኮሎምበስ ስም ወስደው ኮሎምቢያ አሉት። በምዕራብ ጠረፍ ያሉ ሰፋሪዎች ግዛታችን ኮሎምቢያ ይባልልን ብለው ሲጠይቁ፣ ኮንግረስ በ1853 ከኮሎምቢያ ዲስትሪክት ጋር እንዳይምታታ ብሎ ምን ብሎ ሰየመው? ዋሽንግተን! ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ሰው «ዋሽንግተን ነው ያለሁት» ካለን፣ በምዕራቡ ግዛት ያለችው ሲያትል ይሁን ዲሲ ጠይቀን ነው የምንለየው።

እሱስ ያስቃል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በዲሲ ወደ 700 ሺህ ሰው ይኖራል። ይህ ሁሉ ሰው የፌዴራል ግብር ይከፍላል፣ ዲሲ እንደ ሜሪላንድ ያለ ክፍለ ግዛት ስላልሆነች ግን ሴናተር የለውም። በተወካዮች ምክር ቤት ያለችው ተወካይም ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አትሰጥም። ፕሬዚዳንት መምረጥ ራሱ የተፈቀደላቸው በ1961 በተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። የመኪና ታርጋቸው ላይ ሳይቀር «ያለ ውክልና ግብር» የሚል ምሬት ጽፈዋል። ሜሪላንድ ሆኖ «ዲሲ ነኝ» የሚለው ዘመዳችን ዜግነት ካገኘ ሁለት ሴናተር ይመርጣል፤ እውነተኛው ዲሲ ግን አንድም የለውም።

በ2020ም በ2024ም የዲሲ መራጭ ከመቶ 90 በላይ የሆነው ድምፁን የሰጠው ለትራምፕ ተፎካካሪዎች ነው። በነሐሴ 2025 ትራምፕ የከተማዋን ፖሊስ ለጊዜው በፌዴራል ቁጥጥር ሥር አደረጉት፣ የብሔራዊ ዘብ ጦርም አሰማሩ። በእኛ አጻጻፍ ከሄድን «ዋሽንግተን ዋሽንግተንን ተቆጣጠረች» ማለት ሊኖርብን ነበር። ጦር ካነሳን ደግሞ፣ ፔንታጎን ራሱ ከወንዙ ማዶ ቨርጂኒያ ነው ያለው።

የቃል ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። የሕዳሴ ግድቡን ንግግር አስታውሱ። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ስብሰባውን የጠራው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ነው፣ የያኔው ሚኒስትሩ ስቲቨን ምኑሽን። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እያለ የውኃ ድርድር በገንዘብ ሚኒስትር እጅ ምን አስገባው? ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር፣ ግን «ዋሽንግተን እያደራደረች ነው» ብለን ስናልፈው ጥያቄው አብሮ ተቀበረ። የአጎዋም (ሸቀጥን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የማስገባት ዕድል) ነገር እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዕድሉ ስትወጣ ውሳኔው የያኔው ፕሬዚዳንት የባይደን ነበር፣ ሕጉ ሥልጣኑን ለእሳቸው ስለሰጠ። «ዋሽንግተን ከአጎዋ አስወጣችን» የሚለውን ያነበበ ሰው አቤቱታውን ለኮንግረስ ይላክ ወይስ ለዋይት ሐውስ፣ በምን ይወቅ?

እኛንም ሌላው እንዲሁ ያደርገናል። በውጭው ዜና «አዲስ አበባ» ማለት አንዴ የእኛ መንግሥት ነው፣ አንዴ የአፍሪካ ኅብረት። ውኃ በፈረቃ የሚጠብቀው የከተማዋ ነዋሪ «አዲስ አበባ በዓባይ ውኃ ላይ አቋሟን አጠናከረች» ሲባል ቢሰማ መሳቁ አይቀርም።

የአዘጋጆች መልስ የታወቀ ነው፤ ርዕስ ማጠር አለበት፣ ቦታ የለም። እሺ፣ ፊደሉን እንቁጠር። «ዋሽንግተን» ስድስት ነው። «ዋይት ሐውስ»ም ስድስት። «ኮንግረስ» አምስት ነው።