ስልኩን ገልብጣችሁ እዩት እንጂ ወገኖቼ

እረ ወገኖቼ እስቲ እንነጋገር። ስልክ ስንገዛ ምኑን አይተን ነው የምንገዛው? ቀለሙን፣ ቅጥነቱን፣ ጀርባው ላይ ስንት ካሜራ እንደተደረደረ፣ በቃ። እጃችን ላይ ስናገላብጠው መብራት ሲያርፍበት ብልጭ ይላል፣ ልባችን እዛው ይቀራል፣ ከዛ በኋላ የሚነገረንን ነገር ጆሯችን አይሰማም። ባትሪው ሲደክም በምን ይከፈታል ብሎ የጠየቀ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ካምፓኒዎቹ ብቻ አይደሉም ያጠፉት፣ ቀጭን በሰሩ ቁጥር እየተሻማን ገዝተን አይዟችሁ ያልናቸው እኛ ነን።

ኖኪያ 3310ን የያዛችሁ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው፣ 133 ግራም ብቻ የሚመዝነው። ጀርባውን በጣት ተጭናችሁ ገፋ ስታደርጉት ይከፈታል፣ ባትሪው ይወጣል፣ ሌላ ይገባል፣ አለቀ። ሲወድቅ ሽፋኑ አንድ ጋ ባትሪው አንድ ጋ ይበታተንና ሰብስባችሁ ገጥማችሁ ትደውሉበታላችሁ። ቆንጆ ነበር ብዬ አልከራከርም፣ ግን የገዛው ሰው ከፍቶ የሚዘጋው እቃ ነበር። አሁን የያዝነውን ማን ይከፍተዋል?

ያለፈው ስልኬን ልንገራችሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስክሪኑ በአንድ ጎኑ ብድግ አለ፣ መጀመሪያ ከቨሩ መስሎኝ አውልቄ ሳየው ከስር ባትሪው አብጦ እየገፋው ነው። ሰሪ ጋ ወሰድኩት። ሙጫው እስኪላላ ጀርባውን አሞቀው፣ ከዛ ቀጭን ፕላስቲክ አስገብቶ ትንፋሹን ውጦ ዙሪያውን ቀስ እያለ ፈለቀቀው፣ ሦስቱን ጎን በደህና ጨርሶ የካሜራው ጥግ ጋ ሲደርስ ጧ! መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሰውየው በጣም ደነገጠ፣ እኔ ግን እሱን ምን ልበለው፣ እጁ ጎበዝ ነው፣ እቃው ነው እንዳይከፈት ተደርጎ የተሰራው። ባትሪ ሊቀየርለት የሄደ ስልክ ጀርባው ተሰብሮ መጣ፣ አስቡት።

ውሃ እንዳያስገባ ብለን ነው የምናሽገው ይላሉ ካምፓኒዎቹ። ግማሽ እውነት ነው፣ ግን ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጋላክሲ ኤስ 5 ጀርባው በጥፍር የሚከፈት፣ ባትሪው የሚወጣ ሆኖ ውሃና አቧራ ይችል ነበር እኮ፣ አይፒ67 የሚባለውን ደረጃ አልፎ ነው የወጣው። በዓመቱ ኤስ 6 ሲመጣ ጀርባው መስታወት ሆነ፣ ባትሪው ታሸገ፣ የውሃ መከላከያው ራሱ ቀረ! እኛስ ምን አልን? አቤት ማማሩ አልን። ደሞ ያ ውሃ ይችላል የተባለው ማሸጊያም ቢሆን ከጊዜ ብዛትና ከመውደቅ ይላላል፣ ውሃ ገብቶ ከተበላሸ አብዛኛው ዋስትና አይሸፍነውም፣ ስለዚህ ውሃ ይችላል ተብላችሁ እየዋኛችሁ ፎቶ የምታነሱ ልጆች ተዉ።

ቅጥነቱስ ለምናችን ነው? ቀጭን ብለን ገዝተን በነጋታው ወፍራም ከቨር እናለብሰዋለን፣ ስክሪን ፕሮቴክተር እንለጥፍበታለን፣ ባትሪው ቀን ስለማይዘልቅ ፓወር ባንክ ተሸክመን እንዞራለን። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ያን ሁሉ ውፍረት ለባትሪው ቢሰጡት ምን ነበረበት?

ባትሪ ደግሞ እድሜው የተቆጠረ ነው፣ ይሄን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ሊትየም ባትሪ ከዜሮ እስከ መቶ የሚሞላበት ቁጥር አለው፣ ለብዙ ስልኮች ሲነገር የኖረው 500 ጊዜ ያህል ከሞላ በኋላ አቅሙ ወደ 80 ፐርሰንት ይወርዳል የሚል ነው፣ አዳዲሶቹ ላይ 1000 የሚሉም መጥተዋል። በቀን አንዴ የምትሞሉ ከሆነ 500 ማለት ዓመት ከመንፈቅ አይሞላም። ስልኩ ምንም ሳይሆን፣ ካሜራው ስክሪኑ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ በአንድ በሚያልቅ እቃ ምክንያት ሙሉው ይጣላል።

ጆሮ ላይ የምንሰካው ደሞ ይብሳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ላይ የኢርፎኑን ቀዳዳ አነሳው፣ በዛው ዓመት ያለ ገመድ ጆሮ ላይ የሚሰካውን ኤርፖድን አመጣ፣ ሌሎቹም ቆይተው ተከተሉት። ባለ ገመዱ ኢርፎን ገመዱ ካልተቆረጠ አስር ዓመት ይኖራል። ይቺ ትንሿ ግን እያንዳንዷ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ባትሪ አለች፣ ሳጥኗ ውስጥ በመለስናት ቁጥር ትሞላለች፣ በሙጫ ተጣብቃለች፣ ስትደክም ወደ ቆሻሻ። የኔዋ ግራዋ አርባ ደቂቃ ሰርታ ትጠፋለች፣ ቀኟ ትቀጥላለች፣ በአንድ ጆሮ እያወራሁ ከርሜ በመጨረሻ ባለ ገመዱን ፈልጌ አወጣሁት። ከስድስት ዓመት በፊት የገዛሁት ነው፣ አሁንም ይሰራል።

ስማርት ዋች ላይ ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፣ ይሄኛው የጤና ነገር ነው። ከስሩ የሚበራው አረንጓዴ መብራት የደም ፍሰትን እያየ የልብ ምት ይቆጥራል፣ ደም አረንጓዴ ብርሃን ስለሚመጥ ነው አረንጓዴ የሆነው። ማሰሪያው ከላላ ይሳሳታል፣ ቆዳው ላይ ንቅሳት ካለ ሊሳሳት ይችላል። ለስፖርት ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ግን ሳይወጋ የደም ስኳር ይለካል እየተባለ የሚሸጠውን የምታምኑ ወገኖቼ እባካችሁ! የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2024 ቆዳ ሳይወጋ በራሱ ስኳር የሚለካ ምንም አይነት ሰዓትም ሆነ ቀለበት አላጸደቅኩም ብሎ አስጠንቅቋል። የስኳር ታማሚ በዛ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን ቢወስድ ሊሞት ይችላል። ለእናታችሁ ለአባታችሁ ስጦታ ብላችሁ የገዛችሁት ካለ ዛሬውኑ ደውላችሁ በሱ እንዳይመሩ ንገሯቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሰው ጉዳዩን እየነገራችሁ እጃችሁ ላይ ንዝር ሲል ጎንበስ ብላችሁ ሰዓቱን አትዩ። መልእክት መጥቶ ነው ትላላችሁ፣ ያ ሰው ግን ሊሄድ ቸኩሏል ብሎ ወሬውን ያጥፋል። የደረሰበት ያውቀዋል። ኖቲፊኬሽኑን አጥፉት።

አይቻልም የሚሉን ነገር እንደሚቻል ደግሞ በዓይናችን አይተናል። የአውሮፓ ኅብረት ሁሉም ስልክ ታይፕ ሲ ቻርጀር ይሁን ብሎ ሕግ ሲያወጣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 አይፎን 15 ላይ ቀየረው፣ ሰማይ አልተደፋም። እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ ደሞ የኅብረቱ ሌላ ሕግ፣ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም፣ እቃ ውስጥ ያለ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል እንዲሆን ያዛል። ሕግ ባለበት የሚታዘዙ ከሆነ ገዢ አልገዛም ሲላቸውም ይሰማሉ፣ ግን መጀመሪያ አፍ አውጥተን እንጠይቅ። ባትሪው ይቀየራል ወይ፣ መለዋወጫው አለ ወይ፣ አፕዴት ስንት ዓመት ይመጣለታል ብላችሁ ጠይቁ፣ ሻጩ ዝም ካለ መልሳችሁ አስቀምጡት።

መሳቢያ ውስጥ ያጠራቀማችሁትን አሮጌ ስልክም ዛሬ አውጥታችሁ እዩት፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ሲወዛወዝ ካያችሁ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል፣ ቻርጅ እንዳታደርጉት፣ እንዳትወጉት፣ ከቆሻሻ ጋርም እንዳትጥሉት እሳት ያስነሳል፣ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ አስረክቡ።