ስንት ገዛሃት?

ደሴ ላይ ሞተር ከገዛህ «እንኳን ደስ ያለህ» የሚልህ የለም። «ስንት ገዛሃት?» ነው የሚባለው፤ ያውም ሰላምታው ሳያልቅ። ጎማ ሠሪው ይጠይቃል። የሱቁ ልጅ ይጠይቃል። ከመስጊድ የሚወጡት ሸህ ይጠይቃሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰው ጎረቤቴ ትጠይቃለች። ወሎ በዚህም ሃይማኖት ሳይለያየው አንድ ነው።

ጠይቀው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ዋጋውን ከፍ አድርገህ ከነገርካቸው «ውይ፣ ተበልተሃል!» ነው። ዝቅ ካደረግከው ሞተሯን ዞር ዞር ብለው ያዩና «የሆነ ነገር ቢኖርባት ነው እንጂ» ይላሉ። ትናንት ደግሞ አዲስ ዓይነት ገጠመኝ። አንዱ ዋጋዋን ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ትከሻዬን ነካ አደረገና «አብሽር» አለኝ። ለቅሶ ቤት የተቀመጥኩ እስኪመስለኝ ድረስ!

የሚገርመው ይህን የሚሉት «ግዛ» ሲሉኝ የከረሙት ራሳቸው ናቸው። የእኛ ሰፈር ቡና ላይ ያልተመከርኩት የሞተር ዓይነት የለም። አቦሉ ላይ «ቦክሰር ግዛ፣ ነዳጅ ቆጣቢ ናት» አሉኝ። ቶናው ላይ «ሰው ከገዛ አይቀር አፓቼ ነው» ተባለ። በረካው ላይ «ለምን ትንሽ ጨምረህ ባጃጅ አትገዛም?» አሉ። ትንሽ! ይህን ያለው ሰውዬ ደግሞ የዕድር መዋጮ ሲደርስ ስልኩን የማያነሳ ነው። ይህን ጉዳይ አልረሳሁትም፤ እሱም እንዳልረሳሁት ያውቃል።

«በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። ከተረቶች ሁሉ አንዱን መርጠህ ያዝ ብባል እሱን ነው የምይዘው። ለማያውቅ ልጅ ልንገረው፤ አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል ወደ ደጋ የሚወጣ ጨው ነው። በድሮ ጊዜ ገንዘብም ነበር። እንግዲህ መካሪዎቹ እሷኑ አንዷን ጨው ነው የሰሰቱት። የዛሬው አሞሌ ሄልሜት መሆን ነበረበት። «ግዛ» ካሉኝ ሁሉ «ሄልሜቱንስ?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። «ነድተህ ታውቃለህ ወይ?» ያለማ ጭራሽ የለም።

በቅሎ ደግሞ ለጀማሪ ትሻላለች። ጌታዋ ቢያንቀላፋ እንኳ ገደሉን ራሷ አይታ ታልፋለች። ጠጅ ጠጥቶ የወጣውን ቤቱ ታደርሰዋለች። ሞተር ይህ ውለታ የላትም። ዓይንህ ወደሄደበት ነው የምትሄደው። ጉድጓዱ ላይ ካፈጠጥክ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለህ። ኩርባ ላይ ከሆንክ ደግሞ ዓይንህ መውጫውን ማየት አለበት እንጂ ገደሉን አይደለም። ይህን ያስተማረኝ ስልጠናው እንዳይመስላችሁ፤ ዕድሜ ልኩን ሞተር የነዳ አንድ መካኒክ ነው።

ስልጠናውማ! ደሴን አስቡት፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ያለ ከተማ ነው፣ ከቤት ሲወጡ ዳገት፣ ሲገቡ ቁልቁለት። እዚህ ከተማ ውስጥ ለጥ ያለ ሜዳ ፈልጎ ማግኘት በራሱ ችሎታ ይጠይቃል። የተማርኩበት ማሰልጠኛ አገኘ። እዚያች ሜዳ ላይ በርሜል ዞርን፣ ዞርን፣ ወረቀት ተሰጠን። ዳገት ላይ ቆሞ ፍሪሲዮን ቀስ እያሉ ለቆ መነሳት የሚባል ነገር አልተነሳም። ጭራሽ አሰልጣኙ «የፊት ፍሬን አትንካ፣ ይጥልሃል» ይለን ነበር።

ይህ ነገር ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። ስለዚህ ሞተሯን በዋናነት የሚያቆማት የፊቱ ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ ከረገጥክ ጎማው ይቆለፍና ትንሸራተታለህ። የፊቱ የሚጥልህ ኩርባ ላይ ተጋድመህ ወይም ጠጠር ላይ ሆነህ በድንገት ጨምድደህ ስትይዘው ነው። ቀጥ ብለህ፣ ቀስ እያልክ፣ እየጨመርክ ብትይዘው ምንም አይልህም። ለአንድ ሙሉ ክፍል ሰው «ዋናውን ፍሬን አትንኩ» ብሎ አስተምሮ መንገድ ላይ መልቀቅ ምን ይባላል?

ከዚያ የሐረጎ ቁልቁለት ይመጣል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳለህ። ኩርባው ከኩርባ ላይ ነው። ጠዋት ጉም አለ፣ የጭነት መኪና አለ። ይህን ሁሉ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥተው የሚወርዱ ሞተረኞች አሉ! ነዳጅ ለመቆጠብ ነው አሉ። ማርሽ ውስጥ ስትሆን ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል። በፎሌ ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው፤ ይግላል፣ ሲግል መያዙን ይተዋል። ነዳጅ ተወዷል፣ አልክድም። በወረፋው መሐል የማድረው እኔም ነኝ። ግን አንድ ሊትር ለማትሞላ ቤንዚን ብሎ በዚያ ቁልቁለት ነፍሱን የሚያስይዝን ሰው ቆጣቢ አልለውም።

ሄልሜቱን ደግሞ ክንዱ ላይ ነው የሚያጠልቀው። ሁሌ ይገርመኛል፣ ክርኑን ይህን ያህል የሚሳሳለት ለምንድን ነው? ሄልሜት የሞት አደጋን በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ጭንቅላት ላይ ሆኖ፣ ልኩ ሆኖ፣ ከአገጭ ሥር ታስሮ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ከክንድ ወደ ጭንቅላት ይዘዋወራል፤ ፖሊሱ ሲታለፍ ወደ ክንድ ይመለሳል።

ስለ ዋጋ ነበር የጀመርኩት። እሺ፣ ሰው ዋጋ ቢጠይቅ ምን ይደረግ፣ ኑሮ ነው። አሁን ለሁሉም «የአጎቴ ናት» እያልኩ ነው የማልፈው። አጎት የለኝም።

ያ የባጃጁ መካሪ ግን ትናንት ማታ መጣ። ሰኞ ገበያ ድረስ አፈናጥጠኝ አለ። ሁለተኛ ሄልሜት ገዝቻለሁና አቀበልኩት።

«ፀጉሬን አሁን ነው የተስተካከልኩት» አለኝ።

«እንግዲያው አላፈናጥጥህም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራባት ገዛሃት?» ብሎ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው።