ማስተካከያ፦ ስለ «24ቱ የንጉሡ ቫዮሊኖች»

ስለ ፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ «24ቱ የንጉሡ ቫዮሊኖች» በሙሉ ዛሬ የምናውቀውን ቫዮሊን ይጫወቱ እንደነበር መግለጻችን ስሕተት ነው። ጓዱ በ5 የድምፅ ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ 6ቱ ሙዚቀኞች ላይኛውን፣ 6ቱ ዝቅተኛውን (ባሱን)፣ በመካከል ያሉት 12ቱ ደግሞ አራት አራት ሆነው፣ መጠናቸው የሚለያይ ነገር ግን ሁሉም እንደ ቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅና ድምፁ ወፈር ያለ መሣሪያ) የሚቃኙ መሣሪያዎችን ይጫወቱ ነበር። የዚያ ሙዚቃ ልዩ ሙላት የሚመነጨው ከእነዚህ የመካከል ድምፆች ስለሆነ ስሕተቱን ቀላል አድርገን አናየውም፤ በቬርሳይ የሚገኘው የባሮክ (የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ) ሙዚቃ ማዕከልም እነዚህን ከአገልግሎት የወጡ መሣሪያዎች እንደገና አሠርቷል። ዛሬ በዚያ ዘመን ዓይነት መሣሪያ የሚጫወቱ ቡድኖችም ለዚህ ሙዚቃ ብዙ ጊዜ «ላ» የተባለውን ድምፅ የሚቃኙት፣ በስሕተት እንደጻፍነው በ440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) ሳይሆን፣ አንድ ሙሉ ድምፅ ያህል ዝቅ ብለው በ392 ኸርዝ ነው። ስለ አውታሮቹ የጻፍነው ግን ትክክል ነው፤ እንደ በገናችን ከአንጀት የተሠሩ ናቸው።